ዝም የሚለው ሞተር

የጀልባው ሞተር የሞተው መሀል ሐይቅ ላይ፣ መንገደኛ እንደጫነ ነው። ወደብ ያለ ሰው ሁሉ «ካፒቴን» የሚለው ባለቤቱ ጀልባውን በመቅዘፊያ እየገፋ ዳር አደረሰ፤ ሞተሩን እንደ ሬሳ በጨርቅ ሸፈነና ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አድርጋ ሐይቁን እያየች ነው የምትሰፋው።

«ሞተ አይደል?» አለችው ገና በሩን ሲያልፍ። እሱ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«አንተን እኮ ነው!»

ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። «ሞተሩ ሞተ» አላት።

ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል። ስትናገር አይመልስም፤ ሲመልስ ደግሞ አፍ አፏን እያየ ነው፣ እንዳጫት ሰሞን። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከናት። ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ ሚስቱ ላይ እንዲህ የሚያፈጥ ባል አንድ ያጠፋው ነገር ቢኖር ነው።

በማግስቱ ሞተር መሸጫ አብረው ሄዱ። የመግዣው ግማሽ ከእሷ መርፌ የሚወጣ ነውና ያለ እሷ አይመረጥም። መካኒኩ ሁለት ሞተር ጎን ለጎን ሰቅሎ ጠበቃቸው።

«ይሄ ቱ ስትሮክ ነው፣ ጋሼ» አለ። «ቀላል ነው፣ ጉልበት አለው፣ ቢበላሽ የትም ይሠራል። ዘይቱን ከቤንዚኑ ቀላቅሎ ማጠጣት ብቻ ነው። ጢሱና ጩኸቱ ግን አይጣል ነው። ይሄኛው ፎር ስትሮክ ነው። ክብደቱም ዋጋውም ከበድ ይላል። ነዳጅ ግን ይቆጥባል፤ ድምፁም እንኳን ማዶ እዚሁ አይሰማ።»

ካፒቴን ቱ ስትሮኩን ዞር ብሎም አላየው። ፎር ስትሮኩ በርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲነሳ፣ ጎንበስ ብሎ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ አዳመጠው።

«የኔስ ይሄ ነው» አለ።

«ምኑን ወደድከው?» አለች ሚስቱ።

«ዝም ማለቱን።»

ኮቴው እንዳይሰማ የሚፈልግ ማን ነው? አንድም ሌባ ነው፣ አንድም የሰው ባል።

መልሱን ዓሣ ሻጯ ጎረቤቷ ይዛላት መጣች። «እህቴ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው። ማዶ፣ አረንጓዴ በር ካለው ቤት አንዲት ሴት መጥታለች። ነጭ በነጭ የለበሰች፣ ጽድት ያለች! ባልሽ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ በአንድ እጇ አገጩን፣ በሌላው ትንሽ ባትሪ ይዛ፣ ጆሮው ሥር ውሽቅ ብላ አየኋቸው። ምን እንደምታንሾካሹክለት እንጃ። ደግሞ ሰው ያየናል እንኳ አላሉም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ጎረቤቷ ስትወጣ ግን መርፌው ጣቷን ወጋት፤ ደሙ የሰው ቀሚስ ላይ ጠብ አለ።

ካፒቴን ምሳ በልቶ ሲያበቃ አጠገቧ ቆመ። «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እንዳይሰማ ብቻ። ከተሰማ ጀልባዬ ላይ የሚሳፈር አይገኝም።»

አወቀችው። ነውሩን ሊናዘዝላት ነው። በጆሮዋ ከምትሰማው ብትሞት ይሻላታል፤ የመኪናዋን ፔዳል ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ ስፒል በጥርሷ እንደነከሰች፣ «ከእኔ በምን ትበልጣለች?» አለች።

አልመለሰም። ያልካደ አመነ ማለት ነው።

ስፒሉን ተፍታ ዞረችበት። «የምንገዛው ቱ ስትሮኩን ነው! አለዚያ ከእኔ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም።»

ብዙ አያት። «ጩኸቱ ይጎዳኛል» አለ።

«የሚጎዳህ ጩኸቱ አይደለም፤ መታወቁ ነው።»

«እሺ» አላት። «አንቺ ካልሽ እሺ።»

ቱ ስትሮኩ ተገዛ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ ባሏን በጆሮዋ ጠበቀችው፤ ሲነሳ፣ መሀል ሲደርስ፣ ማዶ ሲጠጋ ከመስኮቷ ሳትነሳ ታውቃለች። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤቱ ያማርራል፤ እሷ ታዜማለች። ሞተሩ ማዶ ላይ ዝም ሲል ግን መቀሷን አስቀምጣ፣ እንደገና እስኪጮህ ድረስ ጣቷን ትነክሳለች።

ክረምቱ እንደወጣ መካኒኩ ሞተሩን ሊያጸዳ ወረደ። የዚያን ዕለት ካፒቴን በሰው ጀልባ ማዶ ደርሶ ሲመለስ ከመስኮቷ አየችው። የራሱ ጀልባ ቆሞ በሰው ጀልባ! ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ወደቡ ቁልቁል በረረች።

ካፒቴን ድንጋዩ ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ይጠቀልላል። መካኒኩ ጀልባ ከሚጠብቀው መንገደኛ ኋላ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። ከባሏ ጀርባ ቆመችና፣ «ከእሷ ዘንድ ነው የምትመጣው?» ብላ ጮኸች። ንቅንቅ አላለም። «ለዚህ ሁሉ ሰው ልናገረው?» አለች። ገመዱን መጠቅለሉን ቀጠለ።

ያን ጊዜ መካኒኩ የማስነሻውን ገመድ ሳበው። ሞተሩ አገሳ። ወፎቹ ከውሃው ብር ብለው ተነሱ፤ መንገደኛው ጆሮውን ያዘ፤ አንድ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ እሪ አለ። መካኒኩ ቤንዚን ጨመረለት። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ስድብ ራሷ መስማት አቃታትና የባሏን ትከሻ ጨምድዳ ያዘችው።

ካፒቴን ደንግጦ ዞረ። አፏን አየ፤ ፈገግ አለ። ከዚያ በሰው መሀል አንገቱን አስግጎ መካኒኩን ተጣራ።

«ምነው ልጄ፣ እስካሁን አልነሳልህም እንዴ?»