የዚህ ሳምንት ቪዲዮ

ታረቀኝ በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ወሬው ከጠፋ ስምንት ወር ሆነው። እህቱ በየቀኑ ስልኳ ላይ ትፈልገዋለች፤ «ሊቢያ የታገቱ ስደተኞች» ብላ በጻፈች ቁጥር ግን የዓመታት ቪዲዮ ይዘረገፍባታል። ዛሬ የሥራ ባልደረባዋ ፍለጋውን በቀንና በርዝመት የሚያጠብበውን ማጣሪያ የሚባለውን አሳየቻት። ቤቷ ገብታ ማየት ከተሳናቸው እናቷ ጎን ተቀመጠችና ወንድሟ መጨረሻ የደወለበትን ከተማ ስም ጻፈች። «በዚህ ሳምንት የተጫነ» የሚለውን መረጠች፤ «ከአራት ደቂቃ በታች» የሚለውንም ጨመረች። ከዚያ ሁሉ መዓት ሦስት ብቻ ቀሩ።

ሦስተኛው ላይ ወጣቶች ግድግዳ ሥር ተንበርክከዋል። ቪዲዮውን እያቆመች የእያንዳንዳቸውን ፊት አየች። ታረቀኝ የለም። ልትዘጋው ስትል አንድ ሰው «ቀና በሉ» ሲል ተሰማ።

እናቷ ክንዷን ጨምድደው ያዙ። «እሱ ነው። ልጄ ነው። ተመስገን፣ በሕይወት አለ።»

ካሜራው ወደ ተናጋሪው ዞረ። ታረቀኝ ከተንበረከኩት ፊት ለፊት ቆሟል፤ በእጁ የመግረፊያ ገመድ ይዟል።

«አየሽው? ከስቷል እንዴ?» አሉ እናቷ።

«አልከሳም፣ እማዬ» አለች።