ቁጥር ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት

«ጨፍኚ! በጣቶችሽ መሃል ደግሞ እንዳታጮልቂ» ይለኛል ዴልበርት።

«ለዚህ ዓይን አያስፈልገኝም» እለውና እጨፍናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀትን በአውራ ጣቴ ዳስሼ ምን እንደደረሰበት እናገራለሁ። ጉራ ነው ካላችሁም፣ ጉራ ይሁን፤ እውነት ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ፎርት ዌይን ከተማ ባለው የሠራተኛ ማኅበር አዳራሽ የድሮ የቤዝቦል ካርድ፣ የተጫዋች ምስል ያለበትን ያን ትንሽ ካርቶን፣ የሚሰበስብ ሁሉ ጠረጴዛውን ዘርግቷል። አብዛኛው ሰው ግን ገበያውን ትቶ እኛን ከቧል፤ ውርርዳችንን ሰምቶ ነው።

ዴልበርት ሦስት ካርዶች ፊቴ ደርድሯል። አንዷ ጠርዟ የተከረከመ ነው፤ የተከረከመ ካርድ ደግሞ በእኛ ዘንድ ዋጋ የለውም። የቷ እንደሆነች ካወቅሁ ቁጥር ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንትን ይሰጠኛል። ከተሳሳትኩ ደግሞ ከአልበሜ ውስጥ ቁጥር አንድን፣ ያቺን የዓይኔን ብሌን፣ ይወስዳል።

ልጆች ሳለን በአንድ ዓመት ከማስቲካ ጋር የወጡት ካርዶች ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ነበሩ። የቀረችኝ የመጨረሻዋ ብቻ ናት። ላይዋ ያለው ኤልመር ድሮስት የሚባል ኳስ ወርዋሪ ነው፤ እናቱ እንኳን ሲጫወት ያየችው አይመስለኝም። ካርዷን ብርቅ ያደረጋት የእሱ ጉብዝና ሳይሆን ላስቲክ ነው። ያኔ ካርዶቻችንን በቁጥር ደርድረን በላስቲክ እናስር ነበር፤ ላስቲኩ የላይኛዋንና የታችኛዋን ጎን ይበላል። ስለዚህ አንደኛዋና የመጨረሻዋ ጎናቸው ሳይጎዳ አይገኙም።

የዴልበርት ድሮስት ግን ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። ከመስታወት ሳጥኑ ሳያወጣ ያሳየኛል እንጂ አያስነካኝም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመንኩት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት «አይሆንም» አለኝ። ዛሬ ምን እንደታየው እንጃ፣ ራሱ መጥቶ እንወራረድ አለ።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ፖስተኛዋ!» ይላል ጎረቤቴ ሜርል። «ሆት ዶጌ ቀዘቀዘ።»

«ብላው፤ ማን ያዘህ?»

የመጀመሪያዋን አነሳለሁ። ጠርዟ እንደ ፍላኔል ጨርቅ ለስለስ ሻከር ይላል፤ ከማሽን እንደወጣች ናት። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋን ስነካት ግን ፈገግታዬን መያዝ ያቅተኛል።

«ይቺ ናት!» እላለሁ አዳራሹ እስኪሰማ። «በመቀስ ነው የተቆረጠችው፤ ያውም በዱልዱም መቀስ። ሦስት ቦታ ላይ ቆም ቆም ብሏል። የተከረከመ ካርድ ደጄን አይረግጥም የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ይሄን የሠራ ሰው፣ እጁን ይቁረጠው!»

ዓይኔን እገልጣለሁ። እጄ ላይ ያለው ኤልመር ድሮስት ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ አፍ ካመለጠ በኋላ ነው የታወቀኝ።

«ምን ማለትህ ነው አንተ?» ደሜ ይፈላል። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስለመንከኝ ይቺን ነው? ሽልማቱ ራሱ የተከረከመ?»

ዴልበርት ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይይዛል። ጡረታ እስኪወጣ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ድምፁ ከሞተር የሚበልጥ ሰው ነው፤ አሁን ግን ጠጋ ካላልኩ አይሰማኝም።

«ላስቲኩ ጎኗን በልቷት ነበር» ይላል። «ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ኦፓል። የእናቴን የልብስ መቀስ ሰርቄ አስተካከልኳት። እንዴት እንዳማረችኝ ብታይ! ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ሰው ሁሉ ሲያደንቅልኝ በምን አፌ? አንቺ እንዳትነኪያት ነው የፈራሁት። ባለፈው ሳምንት ሰባ ሁለት ሞላኝ፤ መደበቁ ሰለቸኝ። በአፌ ማለት ሲያቅተኝ፣ ጣትሽ ይናገረው ብዬ ነው። አሸንፈሻል። አልፈልጋትም ብትይም አልቀየምሽም።»

ሁሉም እኔን ያያል። ደንቤን ያውቃሉ፤ አሁንም በገዛ አፌ ደግሜዋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሄን ሰው ከኋላው ቋጣሪ እያልኩ ሳማው ኖሬያለሁ። ለካ አፍሮ ነው። አሳዘነኝ፤ ከማዘኔ ይልቅ ደግሞ ወደድኩት።

አልበሜን ከመጨረሻው ገጽ እከፍታለሁ። ያቺ ባዶ የፕላስቲክ ኪስ አለች። ድሮስትን አስገባዋለሁ። በፀጉር ስፋት ያህል ስለጠበበ ወደ ጎን ሸርተት ይላል።

«ያልተከረከመችዋ እስክትገኝልሽ ነው?» ይላል ዴልበርት።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት» እለዋለሁ። «ሞልቷል። እጁን ይቁረጠው ያልኩትን ደግሞ አንስቻለሁ።»

ከምሳ በኋላ አልበሙ ጠረጴዛዬ ላይ የመጨረሻው ገጽ እንደተከፈተ ነው። አንድ ከሩቅ የመጣ ሰው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ያጎነብስና ያፏጫል።

«ድሮስት! ጎኑ ምንም ያልሆነ!»

«ተከርክሟል» እለዋለሁ ቀና ብዬ፣ ሳይጠይቀኝ።

«ውይ፣ እንዴት ያሳዝናል! ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

መልሴን ሳልጀምር፣ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ዴልበርት አፉን ዶናት እንደሞላው፣ መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ እጁን ያወጣል።