አንድ ብቻ የቀረው ፊልም

«ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሦስተኛው መሆን አለበት» አለ ዳኛቸው፣ ነጩን በትሩን ከወንበሩ ጋር እያስደገፈ። «ካልነካካሽው ማለቴ ነው።»

አምሳለ አልነካካችውም። ጭንቀቷም እሱው ነበር።

ሰኞ በመሆኑ ምግብ ቤቷ ተዘግቷል፤ ወንበሮቹ በየጠረጴዛው ላይ ተገልብጠዋል፤ የአሜሪካው የፌርፋክስ ጎዳና መኪኖች ጥላ በመስታወቱ ላይ እያለፈ ይሄዳል። ወንድሟ ዳኛቸው ከአውስትራሊያ፣ ከሜልቦርን የገባው ትናንት ነው። እሱ ከመድረሱ በፊት ያላሰበችው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። የየትኛውንም አገር ዲስክ የሚያጫውት ማሽን ባለፈው ሳምንት በልጇ በኤልሻዳይ አስገዝታለች። አሮጌ እንዲመስልም ዳንቴል አልብሳዋለች። ዓይኑ ለጠፋ ሰው ዳንቴል ማልበሷ የታወቃት ቆይቶ ነው፤ ያኔ ብቻዋን ሳቀች።

ዳኛቸው ዕድሜውን በሜልቦርን ትራም ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ፍቅሩ ግን ሌላው ሰው ተቀምጦ የሚያንቀላፋበት፣ ዝምታው ከንግግሩ የሚበልጥ የጥንት ፊልም ነበር። እንዲህ ያለው ፊልም በዲስክ ታትሞ እዚያ ሱቅ በወጣ ቁጥር ሁለት ይገዛል፤ አንዱ ለራሱ መደርደሪያ፣ አንዱ ለእህቱ። «ባሕር ቢለያየንም መደርደሪያችን አንድ ይሁን» ይል ነበር፤ የእያንዳንዱን ቦታም በስልክ ይነግራታል። የአውስትራሊያ ዲስክ በአሜሪካ ማጫወቻ እንደማይሠራ አስቀድሞ ነግሯት፣ ሁሉን የሚያጫውተውን እንድትገዛ መክሯትም ነበር።

«ገዛሁ» አለችው። ልትገዛም አስባ ነበር። ዛሬ ነገ ስትል፣ ወጥ ሲያርባት፣ ሠራተኛ ሲጠፋባት፣ ዘመኑ ነጎደ። ዲስኮቹ ከባንኮኒው ኋላ ተደርድረው የቤቱ ጌጥ ሆኑ። እሑድ እሑድ ሲደውል እሱ ስለላከው ፊልም ይተርካል፤ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች «እሱስ!» ትለዋለች። ለብዙ ዓመታት ከዚህ የበለጠ አልተፈለገባትም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሊዘጋ በተቃረበ ሱቅ ውስጥ ሲፈልገው የኖረውን ፊልም አገኘ። የቀረው ግን አንድ ብቻ ነበር። ሳይከፍተው ላከላት። «አንቺ እይውና ንገሪኝ፤ እኔ ሁለተኛው ሲገኝ እደርስበታለሁ» አላት። ሁለተኛው አልተገኘም። መጨረሻውን ሲጠይቃት ሽፋኑን አየት አደረገች፤ አንዲት ሴት፣ ወንዝ፣ ባዶ ጀልባ።

«ተሻገረች፤ ዞራም አላየች» አለችው።

«እንዴት ያምራል!» አለ።

ዓይኑ መፍዘዝ ከጀመረ ወዲህ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህንኑ መጨረሻ ደጋግሞ ያስነግራት ነበር። እሷም አንድ ቀን ነፋስ ጨመረችበት፣ ሌላ ቀን በነፋሱ የሚወሰድ ሻርፕ። አሁን የመጣው ፊልሙን ከእሷ አፍ፣ ከዳር እስከ ዳር ሊሰማ ነው።

«እማዬ፣ ሬዲ ነው፤ ሶ፣ ዲስኩን ስጪኝ» አለች ኤልሻዳይ፣ ጭንቅላቷን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ቀብራ። «ጋሼ ዳኛቸው፣ ድምፁን ከፍ ላድርግልህ?»

«አንቱ በይ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!»

«ተያት» ሳቀ ዳኛቸው። «እሷ አንተ ስትለኝ ዕድሜ ትቀንስልኛለች። አንቺ አንቱ ያልሽኝ ቀን ግን ያጠፋሽው ነገር አለ ማለት ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ።»

አምሳለ ወደ መደርደሪያው ቀና አለች። የመስኮቱ ብርሃን ከረድፉ ላይ እያብረቀረቀ ይመለስ ነበር። ሁሉም ሲላክ እንደታሸገ፣ ከነላስቲኩ ነው። ሁሉን አስባ፣ ዳንቴል ሳይቀር አስባ፣ ይህን አላሰበችም።

«እኔ አወርደዋለሁ ጋሼ፤ እርስዎ ይቀመጡ» አለች።

ቃሉ ካፏ ወጥቶ ነበር። ዳኛቸው ግን አልሳቀም። ቀድሞ ተነሥቷል፤ ባንኮኒውን በእጁ እየዳሰሰ ዞሮ፣ የራሱን መደርደሪያ እንደሚያውቅ ሁሉ የእሷንም አውቆ፣ እጁን ሰቀለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛውን ሳበ። አውራ ጣቱ ሽፋኑ ላይ እንዳረፈ ቆመ።

በጠርዙ በኩል በዝግታ አሻሸው። ከዚያ ሌላውን እጁን ዘርግቶ ቀጥሎ ያለውን ነካ፤ ከዚያም ወዲያ ያለውን፣ እስከ ረድፉ ጫፍ። ላስቲኩ ከጣቱ ሥር ጢጥ ጢጥ ይላል። አምሳለ እንደ ልጅነቷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ ነበር።

«ኦኬ፣ የት አለ?» አለች ኤልሻዳይ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሳትወጣ።

ዳኛቸው ጥፍሩን ከማዕዘኑ ሥር አስገባ። ሲሠራው በኖረ እጅ፣ በአንድ ጊዜ ስቦ፣ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። በጭብጡ ጨብጦ አድበለበለውና ኮቱ ኪስ ከተተው። ሣጥኑን ብቻ ለእህቱ ልጅ ዘረጋላት።

«ይኸውልሽ፣ የኔ ልጅ።»

ኤልሻዳይ ዲስኩን ከትታ መብራቱን አጠፋች። ዳኛቸው ተመልሶ ተቀመጠና በአየሩ ላይ የአምሳለን ክንድ ፈልጎ አገኘው፤ ጎትቶም ከጎኑ አስቀመጣት።

«ጋሼ…» አለችው፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

«መጨረሻውን ነግረሽኛል» አላት። «ዛሬ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ምስሉ በዝግታ ፈካ። ሙዚቃ የለም፤ የሚናገርም የለም። ማየት የእሷ ፈንታ ሆነ፤ ዓይኗ ደግሞ እንባ ሞልቶበት ነበር።

«ወንዝ አለ» አለች። «ጭጋግ ለብሷል። ጀልባው… ጀልባው ታስሯል። ሴትየዋ ገና አልመጣችም።»

እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ጠበቀ። በዚያ ሁሉ ዝምታ መካከል፣ ከኮቱ ኪስ ውስጥ፣ የተጨበጠው ላስቲክ ቀስ እያለ፣ እየተንኮሻኮሸ ይዘረጋ ነበር።