ማቆሚያዋ ቁልፍ

የፊዚክስ መምህሯ ጣት ከላፕቶፑ ማቆሚያ ቁልፍ ላይ ይቁነጠነጥ ነበር። ከኢንተርኔት ያወረደችው ቪዲዮ፣ ጨረቃ ሁልጊዜ ወደ ምድር እየወደቀች እንደሆነ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እያስረዳ ይሮጣል። ከኋላ ትምህርቷን ሊገመግም የተቀመጠው ሱፐርቫይዘር ሰዓቱን ያያል፤ በመስኮቱ የወያላው «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» ጥሪ ይገባል። የተማሪዋ የዊንታ እጅ ከወጣ ቆይቷል።

መምህሯ ተማሪ ሳለች ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ በፕላዝማ ነበር የሚሰጠው፤ ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። እሷም እጇን አውጥታ ጠብቃ፣ ሲደክማት አወረደችው። አሁን የዊንታም እጅ ዝቅ ማለት ጀመረ።

መምህሯ ቁልፉን ተጫነችው።

«ቲቸር፣ እየወደቀች ከሆነ ለምን አትደርስም?»

ያው የራሷ ጥያቄ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በፎርሙላ ሠርታ ኤ አግኝታበታለች፤ ገብቷት ግን አያውቅም። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶውን አነሳ።

«እኔም አልገባኝም» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ቪዲዮውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። «ነይ ዊንታ፣ እዚህ ቁሚ። ግራ የገባው ሰው እጁን ሲያወጣ ቪዲዮውን አቁሚው።»

ሄዳ የዊንታ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ቪዲዮው እንደገና ሲጀምር፣ መጀመሪያ የወጣው እጅ የእሷ ነበር።