በር የሌለው አጥር

የእናቱ አስከሬን ከቡሬ ሳይደርስ፣ ወንዳወቅ በአባቱ መቃብር ዙሪያ ያለውን የብረት አጥር፣ ከጎኑ እንድትቀበር፣ መክፈት ነበረበት። በገጠሩ ቤተ ክርስቲያን መብራት ስለሌለ በባትሪ የሚሠራውን ትንሽ የብረት መጋዝ ይዞ መጥቷል። ከሦስት ዓመት በፊት በኪራይ ጄኔሬተር አጥሩን ዙሪያውን የበየደው ራሱ ነበር። ያኔ እናቱ፣ «በር ተውለት እንጂ ልጄ» ብላው ነበር። «ማን ሊገባበት ነው እማዬ?» ሲላት ፈገግ ብቻ አለች።

በአንድ ጎን ያለውን እያንዳንዱን ፌሮ፣ ያኔ ኮርቶበት ከነበረው ብየዳ ሥር ቆረጠው። የመጨረሻው ላይ ባትሪው ሲደክም የአልቃሾች ድምፅ ከቁልቁለቱ ተሰማ።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ደረሱ!» አሉ አጠገቡ የቆሙት አጎቱ።

ፌሮው ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ።

«ከቀብሩ በኋላ መልሰህ ትበይደዋለህ አይደል?»

«አይ ጋሼ፣ በር ነው የማበጅለት።»

«ደግሞ ለማን ብለህ?»

ወንዳወቅ እንደ እናቱ ፈገግ ብቻ አለ።