የጎረቤት ውሻ ደም

የባሏ ታላቅ እህት ቤታቸው ከገባች ወዲህ የእንስሳት ሐኪሟ ፈሪ ሆናለች። ዱሮ የተናካሽ ውሻ አፍ ውስጥ እጇን የምትከት ሴት፣ አሁን በር ሲንኳኳ ትደነብራለች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ጋደም ስትል ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ይደርሳል። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች፤ ቀሚሷ የሰው ልብስ መስሏል።

በምትሠራበት የምርምር ጣቢያ የምታጠናው ፀጉራቸው የሚረግፍ ውሾችን ነበር። ሲያዩአቸው እከክ የያዛቸው ይመስላሉ፤ ቆዳቸው ተፍቆ ሲታይ ግን ተባይ የለበትም። ጥፋቱ አንገታቸው ውስጥ ያለችው ታይሮይድ የምትባል ዕጢ መስነፏ ነው። የገዛ ውሻዋ ጉልቤም በዚያው ሰሞን ጥናቱ ውስጥ ገብቷል። ስሙ ጉልቤ ይሁን እንጂ ለድመት መንገድ ይለቃል፤ ጎኑ ተመልጦ፣ ወፍሮ፣ ምድጃ ሥር ተዘርግቶ ይውላል። ሌሎቹ ውሾች የዕጢዋን ሥራ የሚተካውን ክኒን እየወሰዱ ፀጉር ሲያበቅሉ ለእሱ ጠብ አላለለትም።

ጠዋት ጠዋት፣ ዐይኗ በቅጡ ሳይገለጥ፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ብልቃጦች የእሱን ክኒን በዳቦ ሸሽጋ ታጎርሰዋለች፤ የራሷን ቪታሚን ትውጣለች። ወዲያው የባሏ እህት ሻይ ይዛ ከች ትላለች።

«እትዬ፣ ዛሬ ሻዩ ይቅርብኝ።»

«ምን ሲደረግ! ከስተሽ ዐይንሽ ብቻ ቀርቷል እኮ። ጠጪ!»

እስክትጨርስ ድረስ ከአጠገቧ ንቅንቅ አትልም።

ለባሏ ነገረችው። «እህትህ የሆነ ነገር እያበላችኝ ነው» አለችው።

ባሏ ክው አለ። «እናት ሆና ያሳደገችኝን ሴት? ይልቅ ሐኪም ቤት ሂጂ።»

ሐኪም ቤት አልሄደችም። «የባሏን ዘመድ በመርዝ ጠረጠረች» የሚል ወሬ ከመርዙ እኩል ያስፈራታል። በሩን ቆልፋ ከክንዷ ደም ቀዳች። ለጥናቱ ከተቀዳው የጉልቤ ደም ጋር አድርጋ ለላቦራቶሪው ባልደረባዋ ሰጠችው።

«ይሄኛው የጎረቤት ውሻ ደም ነው። ሴት ናት» አለችው። «እንደ ጉልቤ ሁሉንም እይልኝ። መርዝ ካለበትም።»

ውጤቱ ሳይደርስ ነገር ፈነዳ። ማታ ወደ ማድቤት ብቅ ስትል ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ነጭ ነገር ሻይ ውስጥ ታማስላለች።

«ያዝኩሽ!»

ሴትዮዋ ማንኪያውን ጣለችው። «ስኳር ነው እኮ፣ እህቴ! ብትወፍሪልኝ ብዬ ጨመር አድርጌ…»

«ውጪልኝ! አሁኑኑ ከቤቴ ውጪልኝ!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አለች በልቧ። ሴትዮዋ ልብሷን በነጠላዋ ቋጥራ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ወጣች። ባልየው ሚስቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ የእህቱን ጓዝ ተሸክሞ ተከተላት። እሱም ያን ሌሊት አልተመለሰም።

ቤቱ ጭር አለ። ፍርሃቱ ግን አብሯቸው አልወጣም። ጠዋት ጉልቤን አጎረሰች፤ የራሷንም ዋጠች፤ የቀመሰችው ሻይ የለም፤ ልቧ ግን እንደ ወትሮው ይደልቃል።

ስልኩ ጮኸ። ባልደረባዋ ነው።

«ዶክተርዬ፣ የውሾችሽ ውጤት ደርሷል።»

«መርዝ አለ?» ድምጿ ተሰበረ። «የጎረቤቷ ደም ውስጥ መርዝ አገኘህ?»

«የምን መርዝ!» ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «ጉልቤ ክኒኑን ጨርሶ አልቀመሰም፤ ያቺ የጎረቤት ውሻ ናት በየቀኑ የምትውጥለት!»