ባለሦስት ምላጩ ስጦታና የአዋሹ ፀጉር አስተካካይ

«በሰው ምላጭ ነው የላጨኸኝ! በሽተኛ ልታደርገኝ ነው?»

ቀኑ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ልስት እችላለሁ… ከሚሌኒየሙ በፊት ይሁን በኋላም አልምልም። ይቺን ቃል ግን እንደተባለች ነው የጻፍኳት።

ተናጋሪው አቶ ይገዙ ናቸው። አዋሽ ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው።

የጮኹት አብዱሰላም ላይ ነው። ከወሎ መጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፀጉር ቤት የከፈተ… አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የላጫቸው ሰው።

ወንበሩ ላይ አንድ ደንበኛ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አግዳሚው ላይ አራት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

አቶ ይገዙ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለሁሉም አሳዩ… ቀይ ቡግር፣ አንዳንዱም መግል የያዘ።

ያን ጊዜ ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ቢገኝም ፍርሃቱ ገና አለቀቀም። በከባድ መኪና መንገድ ላይ ያለ ከተማ ሁሉ ምላጭ ይፈራ ነበር።

ለዚህም ነው አብዱሰላም አዲሷን ምላጭ ከወረቀቷ የሚያወጣው ደንበኛው እያየ። «እዩዋት፣ ሙሽራ ናት!» ይልና ብረት መላጫው ውስጥ ያስገባታል። ሲጨርስ ለሁለት ሰብሮ ይጥላታል።

ከዚህ ጩኸት በፊት ባለው ቅዳሜ ሲላጩ ግን አቶ ይገዙ አላዩም… ወሬ ይዘው ፊታቸውን አዙረው ነበር።

አብዱሰላም አንገታቸውን ጠጋ ብሎ አየ።

«ጋሼ… ሌላ ቦታ አልተላጩም?»

«ከአንተ ሌላ ማን ነክቶኝ ያውቃል?»

ዋሹ።

ልጃቸው ፅጌረዳ ሰመራ ከተማ መንግሥት ቢሮ ትሠራለች። በዚያው ሳምንት በሾፌር እጅ ከጅቡቲ የመጣ መላጫ ልካላቸው ነበር። ባለሦስት ምላጭ! «አባዬ፣ ከዚያ ከአሮጌ ብረት ተገላገል» የሚል ወረቀትም ነበረበት።

አቶ ይገዙ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ሐሙስም ዓርብም ከታች ወደ ላይ፣ ጫን እያደረጉ ተላጩ። ጉንጫቸው እንደ ብርጭቆ ለሰለሰ።

ቅዳሜ ሲደርስ ግን አብዱን መተው አሳፈራቸው… እንደ ወትሮው ሄደው ተቀመጡ። ስለ አዲሱ መላጫ ትንፍሽ አላሉም። ደግሞስ ልጅ የላከችው የጅቡቲ ዕቃ ቡግር ያወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከአግዳሚው አንዱ «አብዱ፣ መልስ እንጂ! ምላስህን ተላጨህ?» አለ።

አብዱሰላም እጁ ላይ የቀረውን አረፋ ጠረገ።

«አፉ ይበሉኝ ጋሼ» አለ። ወደ ደንበኛው ዞረ።

ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጠረበት።

ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ «እኔስ በቃኝ!» ብሎ በግማሽ ፂሙ ወጣ።

ደንበኛ ሸሽቶት በሦስተኛው ወር ፀጉር ቤቱ ተዘጋ። የአብዱሰላም ሚስት ዘይቱና መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መኪና ላይ ስታስጭን አቶ ይገዙ ከመስኮታቸው አዩ… አልወጡም።

ቡግሩስ? አብዱ ከሄደም በኋላ ባሰበት።

ፅጌረዳ ሰመራ ወስዳ አስመረመረቻቸው። ደማቸው ንጹሕ ሆነ። የጤና ባለሙያዋ አንገታቸውን ዳስሳ ጠየቀች።

«አባባ፣ በምንድን ነው የሚላጩት?»

«በምርጡ ነዋ! በባለሦስቱ።»

«እሱ ነዋ ጉዱ! የፊተኛዋ ምላጭ ጠጉሩን ትስበዋለች፣ የኋለኞቹ ከቆዳ በታች ይቆርጡታል። የእርስዎ ጠጉር ደግሞ ጥቅልል ነው… ሲያድግ መውጫ ያጣና ሥጋ ውስጥ ይገባል። ነጠላዋ ምላጭ ትሻልዎታለች፣ እሷም ወደ ታች ብቻ።»

አቶ ይገዙ እጃቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

ወደ አዋሽ አልተመለሱም። አብዱ የት እንደገባ ሾፌሮችን እየጠየቁ በጅቡቲ መንገድ ላይ ካለችው ዲቾቶ ከተማ ደረሱ። ዘይቱናን መንገድ ዳር ሻይ ስትሸጥ አገኟት።

አወቀቻቸው። የሚቀመጡበት ዱካ አቀረበችላቸው።

«አብዱ የለም ጋሼ። ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ተሻግሯል።»

«ዘይቱና… ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ቤት ሌላ መላጫ ነበረኝ።»

«እናውቃለን» አለቻቸው።

«…ምን?»

«ዕቃውን ያመጣው ሾፌር ቤትዎን የጠየቀው አብዱን ነው። ምን እንደያዘም ነግሮታል። አንገትዎን ሲያሳዩት ወዲያው ገባው… ወደ ላይ የተላጨ ቆዳ አብዱን ያታልለዋል?»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

«እኔም በዚሁ ተጣልቼዋለሁ! ‹ሽማግሌ ሰው በሰው ፊት ዋሽተዋል ልበላቸው? ንዴታቸው ሲበርድ፣ ኢንሻአላህ፣ ራሳቸው መጥተው ይናገሩልኛል› አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ በር በሩን እያየ ጠበቀዎት።»

አቶ ይገዙ ከዱካው ተነሡ።

አዋሽ ተመልሰው ለእያንዳንዱ ሰው ተናገሩ… ጣቢያው በር ላይ ቆመው፣ ሳያፍሩ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። «የቱ አብዱሰላም?» ያላቸውም ነበር።

በሚያገኙት ሾፌር ሁሉ መልእክት ላኩ። በጥምቀት ማግስት ይመስለኛል፣ አንዱ መጣ።

«አገኘሁት ጋሼ። ወደቡ አካባቢ፣ ጥላ ሥር ሰው ይላጫል። ‹ይገዙ አፉ በለኝ ይልሃል› አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹አንገታቸው ዳነ ወይ?› አለኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አብዱሰላም ወሬ የሰማ የለም።

ወዳጆቼ… ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሰው ላይ ከመጮኻችን በፊት የገዛ እጃችን ያደረገውን እንመርምር። ዝም ያለውንም ሰው ቶሎ ጥፋተኛ አንበል… የእኛን ገመና ሸፍኖ ይሆናል።

እናንተስ በአብዱሰላም ቦታ ብትሆኑ፣ እንጀራችሁ እየተዘጋ ዝም ትሉ ነበር ወይስ እውነቱን እዚያው ታወጡት ነበር? እስቲ ከታች ጻፉልኝ… አነበዋለሁ።